አሥራ አንድ የነበሩት መስመሮች

መምህሩ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ወገባቸውን ስለሚያማቸው የመርፌ ሕክምና፣ ማለትም አኩፓንክቸር፣ ይከታተላሉ። ሐኪሟ ሙያውን ቻይና፣ ቼንግዱ ተምራ የተመለሰች ናት።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ግድግዳሽ ላይ ካለው ሥዕል አይነቀልም። ያ ከዓይን ጥግ ተነሥቶ፣ በአናት ዞሮ፣ በጀርባ ወርዶ፣ በባት አልፎ ትንሿ የእግር ጣት ላይ የሚያልቀው መስመር የእኔን ሕመም እግር በእግር ይከተለዋል። እንዲህ የሚገጥም ነገር በዘፈቀደ ሊሳል አይችልም። በመስመሩ ይፈሳል የምትሉት ቺ በምን ይለካል?

ሐኪሟ፦ እስከ ዛሬ የለካው የለም፣ ጋሼ። መስመሩንም ሰውነት ከፍቶ ያገኘው የለም። እርስዎ ያዩት የፊኛ መስመር ይባላል፤ መርፌ የሚሰካባቸው 67 ነጥቦች አሉት። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው በኩል ስለሆነ ሕመምዎን ይመስላል። የጥንቶቹ ሐኪሞች በሽተኛው በጣቱ እየጠቆመ ሕመሙ የሚሄድበትን ሲያሳያቸው አስተውለዋል። ያስተዋሉት ነገር እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሰጡት ማብራሪያ ግን ራሱን ችሎ መመርመር አለበት።

መምህሩ፦ ሁለት ሺህ ዓመት ሳይለወጥ የኖረ ዕውቀት ነው ይባላል። ስህተት ቢሆን ይህን ያህል ይሰነብት ነበር?

ሐኪሟ፦ አልተለወጠም የሚለውን ነው የማልቀበለው። እኔ ይህን ሙያ የወደድኩት ታሪኩ የክርክር ታሪክ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱዪ በሚባል ቦታ ሦስት የሐን ሥርወ መንግሥት መቃብሮች ተቆፍረው ነበር። ሦስተኛው መቃብር የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። ከውስጡ በሐር ጨርቅ ላይ የተጻፉ መጻሕፍት ወጡ፤ አንዳንዶቹ ስለ ሰውነት መስመሮች የሚናገሩ ናቸው። መስመሮቹ ስንት ይመስሉዎታል?

መምህሩ፦ አሥራ ሁለት ስትሉ ነው የምሰማው።

ሐኪሟ፦ እዚያ ያሉት 11 ናቸው። ነጥብ የለባቸውም። ስለ መርፌም አይነሣም፤ ሕክምናው መተኮስ ነው። አብዛኞቹ ከእጅና ከእግር ጫፍ ተነሥተው ወደ መሀል ሰውነት ይሄዳሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ቺ ሰውነትን ዞሮ ወደ ጀመረበት ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ገና አልተወለደም።

መምህሩ፦ መተኮስ ካልሽ እኛም ዘንድ አለ። ዋገምትም አለን። አያቴ ጀርባቸው በቀንድ ሲመጠጥ አይቻለሁ።

ሐኪሟ፦ አዎ፣ በብዙ ሕዝብ ዘንድ እጅ ቀድሞ ሠርቷል፤ ማብራሪያው የመጣው ኋላ ነው። ቻይናዎች የሚተኩሱት የአሪቲ ዘመድ በሆነ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ዛሬም እንጠቀምበታለን። አሥራ ሁለተኛው መስመር የሚገኘው ከማዋንግዱዪ በኋላ በተጠናቀረው በትልቁ መጽሐፍ፣ በ«ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» ውስጥ ነው። የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ ድርሳን ማለት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 81 ምዕራፍ። አብዛኛው ንጉሡና አማካሪዎቹ በጥያቄና መልስ የሚነጋገሩበት ነው። እዚያ መስመሮቹ 12 ሆነው፣ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ሆኖ፣ ክብ ይሠራሉ። አንዱ ምዕራፍ ከ12 የቻይና ወንዞች ጋር ያዛምዳቸዋል። ነጥቦቹም እንደ ዓመቱ ቀናት 365 ናቸው ይላል፤ መጽሐፉ በስም የሚጠራቸው ግን ግማሹን እንኳ አይሞሉም።

መምህሩ፦ ቆይ እስቲ። ቁጥሩ ከቀን መቁጠሪያ መጣ እያልሽኝ ነው?

ሐኪሟ፦ በከፊል አዎ። ሰውነት የሰማይና የምድር ትንሽ አምሳያ ነው ብለው ስላመኑ ወራቱ 12 ከሆኑ፣ ወንዞቹም 12 ከሆኑ፣ የሰውም መስመር እንዲሁ መሆን ነበረበት። እንደ ፊዚክስ መምህር ይህ ሊከነክንዎት ይገባል። ሆኖም ያሰቡትን ነገር ትልቅነት ይመልከቱልኝ፤ በመስኖና በግድብ የሚተዳደር አገር ሰዎች ናቸው። ቦይ ሲደፈን በአንድ በኩል ጎርፍ፣ በሌላው በኩል ድርቅ እንደሚሆን በእርሻቸው ያዩታል። ሕመም ማለት የታገደ ፍሰት ነው ብለው ማሰባቸው ከኑሯቸው የወጣ ነው።

መምህሩ፦ ሬሳ መክፈት ነውር ስለነበረ ነው እንዲያ በግምት የቀሩት ይባላል።

ሐኪሟ፦ እሱም እንደሚባለው አይደለም። ያው መጽሐፍ ሰው ከሞተ በኋላ ተከፍቶ ሊታይ ይችላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ16 ዓ.ም. ደግሞ ዋንግ ማንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት አንድ ዐመፀኛን አስይዞ በሐኪምና በሥጋ ቆራጭ አስከፍቶታል። የሆድ ዕቃው ተለካ፤ ሥሮቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያልቁ ለማወቅ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ እየተሰደደባቸው ታየ። የሐን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን መዝግበውታል። ስለዚህ ከፍተው አይተዋል። ነገር ግን ዋናው ጥያቄያቸው «ውስጡ ምን አለ?» የሚል አልነበረም። የሚያስጨንቃቸው «ይህ ሰው በክረምት ያልታመመ በጸደይ ለምን ታመመ?» የሚለው ነበር። አምስቱ ባሕርያት የገቡት በዚህ በር ነው።

መምህሩ፦ ይህንን እኔም በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ስለሚመስል ወድጄዋለሁ። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ፤ በሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ሰባት ይሆናል። እነሱ አንድ ጨምረው አምስት አደረጓቸው አይደል? እንጨት፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረት፣ ውኃ።

ሐኪሟ፦ ይመስላሉ እንጂ አይገጥሙም፣ ጋሼ። የእኛዎቹ አራቱ ሥጋ የተሠራበት ነገር ናቸው። የቻይናዎቹ አምስቱ ግን ነገር የሚያልፍባቸው ሁኔታዎች ናቸው። እንጨት ሲሉ የሚበቅለውንና የሚዘረጋውን፣ እሳት ሲሉ ሽቅብ የሚነሣውን፣ መሬት ሲሉ ተቀብሎ የሚለውጠውን፣ ብረት ሲሉ የሚሰበሰበውን፣ ውኃ ሲሉ ወደ ታች ወርዶ የሚከማቸውን ነው። ነፋስ ከአምስቱ አንዱ አይደለም፤ በሽታ አምጪ ሆኖ ለብቻው ይቆጠራል። እኛ ሸዋ ውስጥ «ንፋስ መታኝ» እንደምንለው።

መምህሩ፦ ከሆድ ዕቃ ጋር የሚያያይዙትስ?

ሐኪሟ፦ ጉበት የእንጨት ነው፤ ጸደይ፣ ጎምዛዛ ጣዕም፣ ዓይንና ቁጣ ከእሱ ጋር ይቆጠራሉ። ልብ የእሳት ነው፤ በጋ፣ መራራና ደስታ። ጣፊያ የመሬት፤ የበጋው ማብቂያ፣ ጣፋጭና ሐሳብ ማብዛት። ሳንባ የብረት፤ መፀው፣ የሚያቃጥል ጣዕምና ሐዘን። ኩላሊት የውኃ፤ ክረምት፣ ጨውና ፍርሃት። ከዚያ በሁለት መንገድ ይያያዛሉ። አንዱ መውለድ ነው፤ ውኃ እንጨትን፣ እንጨት እሳትን፣ እሳት አመድ ሆኖ መሬትን፣ መሬት ብረትን፣ ብረት ደግሞ ውኃን ይወልዳል። ሁለተኛው መግዛት ነው፤ ውኃ እሳትን፣ እሳት ብረትን፣ ብረት እንጨትን፣ እንጨት መሬትን፣ መሬት ውኃን ይገዛል። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ሐኪም ጉበት በረታ ሲል ጣፊያ እንዳይጎዳ ይሰጋል።

መምህሩ፦ ቁጣና ጉበት! እኛ ስንናደድ የሚያርረው ቆሽታችን ነው። ግን ሥርዓቱ ያምራል። እርስ በርሱ የተሣሠረ ነው።

ሐኪሟ፦ የሚያምር መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ። በሐን ዘመን ሁለት የተለያዩ አመዳደቦች እንደነበሩ ያውቃሉ? አንደኛው፣ በአሮጌ የሥርዓት መጻሕፍት የተደገፈው፣ ልብን የመሬት፣ ጉበትን የብረት፣ ሳንባን የእሳት ያደርግ ነበር። ሁለተኛው ዛሬ የምንማረው ነው። ሊቃውንቱ ተከራክረው ሁለተኛው አሸነፈ። ከዚያ በፊት ደግሞ አምስቱ የሐኪም ብቻ አልነበሩም። የቺን ሥርወ መንግሥት መሥራች አገሩን ጠቅልሎ ሲገዛ «ዘመኔ የውኃ ነው፤ ያለፈው የእሳት ነበር፤ ውኃ እሳትን አጠፋ» ብሎ ጥቁርን የመንግሥቱ ቀለም፣ ስድስትን ቁጥሩ አድርጓል። ለዙፋንም፣ ለወራትም፣ ለጣዕምም፣ ለጉበትም የሚያገለግል ሰንጠረዥ ማንኛውንም ነገር ሊያብራራ ይችላል። እርስዎ ተማሪዎችዎን ምን ይሏቸው ነበር? ሁሉን የሚያብራራ ሕግ ሲያጋጥማችሁ…

መምህሩ፦ የትኛው ውጤት ውድቅ እንደሚያደርገው ጠይቁ እላቸው ነበር። ገባኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለምንድን ነው? ጣይው እንግዲያ።

ሐኪሟ፦ አልጥለውም። አምስቱ እንድጠይቅ ያስተማሩኝ ነገር አለ። አንድ ሰው ሳል ይዞት ሲመጣ ሳንባና ሐዘን አንድ ረድፍ ላይ ስለተጻፉ «በቅርቡ የሞተብዎት ሰው አለ?» እላለሁ። እንቅልፉን፣ ላቡን፣ ምግቡን፣ የሚብስበትን ወቅት እጠይቃለሁ። ሰው ሲጠየቅ ይናገራል፤ ሲናገርም የሚቀልለው አለ። ግን እዚያ ላይ ብቆም ወንጀል ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታው መመርመር አለበት። ሐዘንተኛ ሴት የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርባት ይችላል፤ የብረትና የእንጨት ሰንጠረዥ ያንን አያገኝም። ሰንጠረዡ ጥያቄ ሲያመጣልኝ እቀበለዋለሁ፤ መልስ ሲሰጠኝ ግን ማረጋገጫ እፈልጋለሁ።

መምህሩ፦ እሺ፣ የእኔስ ወገብ? አራት ሰዓት መቀመጥ የማልችል የነበርኩ ሰው ዛሬ ከሐዋሳ በአውቶቡስ መጥቻለሁ። መርፌው ሠርቷል። መርፌው የሚሰካው መስመሩ ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩ አለ።

ሐኪሟ፦ መርፌው መሥራቱን አምናለሁ። «ስለዚህ» ያሉት ላይ ነው የምለይዎት። ጀርመኖች የጤና መድን ገንዘብ ይከፈልበት አይከፈልበት ለመወሰን ትልቅ ጥናት አካሂደው ነበር፤ የወገቡ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። 1,162 ሰዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ በባህሉ መሠረት ነጥቦቹ ላይ ተወጉ። ሁለተኛዎቹ ከነጥቦቹ ውጭ፣ መርፌው ከቆዳ ብዙም ሳያልፍ። ሦስተኛዎቹ የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የአካል እንቅስቃሴ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶው ተሽሏቸው ተገኙ። ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶ ብቻ።

መምህሩ፦ ይኸው!

ሐኪሟ፦ ሁለተኛዎቹን አልጠየቁኝም። 44.2 በመቶ።

መምህሩ፦ …ያለ ነጥቡ የተወጉት?

ሐኪሟ፦ ያለ ነጥቡ። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የ39 ጥናቶች፣ የ20,827 ሕሙማን መረጃ አንድ ላይ ተመርምሮ ትክክለኛው መርፌ ከማስመሰያው በጥቂቱ እንደሚበልጥ ታይቷል፤ ጨርሶ መርፌ ካላገኙት ጋር ሲወዳደር ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ ይላል። እኔ ከዚህ የምረዳው የእፎይታው ትልቁ ክፍል የመጣው ከመስመሩ እንዳልሆነ ነው። መርፌ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊን የሚባለውን፣ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ሙከራ ኢንዶርፊንን የሚያግድ ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ የመርፌው ማደንዘዝ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ መተኛትዎ አለ፤ የሚያዳምጥዎት ሰው አለ፤ ይሻለኛል ብለው መምጣትዎም አለ። እነዚህ ሁሉ ሕመም ላይ ይሠራሉ።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሰቅለሽ እያታለልሽን ነው ማለት ነው። በቁም ነገር ነው የምልሽ።

ሐኪሟ፦ ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም ይህንኑ ብነግርዎት አላታለልኩዎትም። «ቺዎ ታግዷል፤ ሃያ ጊዜ ካልመጡ አይከፈትም» ብልዎት ግን አታለልኩዎት። ሥዕሉን ያላወረድኩት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጋራ አድራሻ ነው። «ፊኛ 40» ስል ቤጂንግ ያለውም በርሊን ያለውም ባለሙያ የጉልበት ጀርባ፣ መሀሉ መሆኑን ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት 361 ነጥቦችን በስምና በቁጥር የወሰነው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የት መውጋት እንደሌለብኝ የተማርኩት በእሱ ነው። ትከሻና ደረት ላይ ጠልቆ የገባ መርፌ ሳንባ ሊበሳ፣ ሰውም ሊገድል ይችላል።

መምህሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ካልሽ ዘንድ፣ እሱ ራሱ የመስመር በሽታዎችን በበሽታ መዝገቡ አስገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሐኪሟ፦ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት መዝገብ። ለመቁጠር እንጂ ትክክለኛነቱን ለመመስከር እንዳልሆነም ገልጿል። ማስታወቂያ የሚሠሩት ይህን ሁለተኛውን አይጠቅሱትም።

መምህሩ፦ ቻይናዎቹ ራሳቸው ይህን ክርክር ያውቁታል?

ሐኪሟ፦ ከማንም በፊት! በሶንግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1027፣ ዋንግ ዌይዪ የተባለው የቤተ መንግሥት ሐኪም ሁለት የሰው ቁመት ያላቸው የነሐስ ሐውልቶች አሠራ። ነጥቦቹ ቀዳዳ ሆነው ተሠርተዋል። እንደሚተረከው ሐውልቱ በሰም ተለብጦ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላና ተማሪው ይፈተናል፤ መርፌው ትክክለኛው ቦታ ከገባ ፈሳሹ ይወጣል። ይህን ያሠሩት እኮ መጻሕፍቱ ስላልተስማሙ ነው! እ.ኤ.አ. በ1822 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ መርፌን ከቤተ መንግሥት የሕክምና ተቋም አስወጣው። እ.ኤ.አ. በ1830 ዋንግ ቺንግረን የተባለ ሐኪም በወረርሽኝ የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን መቃብር ድረስ ሄዶ ካየ በኋላ የቀደሙት ሊቃውንት የሆድ ዕቃን ሥዕል ተሳስተዋል ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1929 የመንግሥት የጤና ኮሚቴ የአገሩን ሕክምና ጨርሶ ለማስቀረት ሐሳብ አቀረበ፤ ሐኪሞቹ ተቃውመው አስቆሙት። በዚያው ዘመን ቼንግ ዳንአን የተባለ ሰው ነጥቦቹን በነርቭ ዕውቀት እየፈተሸ፣ ከደም ሥር እያራቀ እንደገና አስቀመጣቸው። እርስዎን የምወጋበት ቀጭን መርፌ ያስፋፋው እሱ ነው። እኔ የተማርኩበት የቼንግዱ ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከቤጂንግ፣ ከሻንግሃይና ከጓንግጆው ጋር። ያ ሁሉ የተበታተነ ትምህርት አንድ ወጥ የመማሪያ መጽሐፍ የሆነው ያኔ ነው። ሳይለወጥ የኖረ ነው የሚል ሰው እነዚህን ሁሉ ሰዎች ከታሪክ ይሰርዛቸዋል። ይህ ያናድደኛል።

መምህሩ፦ እንዲህ ከልብሽ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም።

ሐኪሟ፦ የምወደው ሙያ ስለሆነ ነው። መጽሐፍን ማክበር ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በቻይናዊቷ ተመራማሪ በቱ ዮዮ ነው። በቬትናም ጦርነት ወታደሩ በወባ እያለቀ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ቻይና ምስጢራዊ የወባ ምርምር ጀመረች። እሷ ጥንታዊ መጻሕፍትን ስታገላብጥ በአራተኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሰው የጻፈውን አገኘች፤ ለወባ የሚሆነውን ቅጠል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት ይላል። ማፍላት አይልም። ለካ ሙቀቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ራሷና ባልደረቦቿ ወሰዱት። አርቴሚሲኒን ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል አሸለማት። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት በመጀመሪያ የምትሰጠው መድኃኒት ከእሱ የተሠራ ነው። ጋምቤላም፣ መተከልም ሕፃን አድኗል። ቱ ዮዮ መጽሐፉን አምናዋለች፤ ግን እስከ መፈተን ድረስ ነው ያመነችው።

መምህሩ፦ ቅጠል ቢያንስ አይጎዳም ይባላል።

ሐኪሟ፦ ይጎዳል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅግ ውስጥ ለመክሳት የቻይና ቅጠል የተሰጣቸው ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል። አንዱ ቅጠል በሌላ ተተክቶ ነበር፤ በኋላም ካንሰር ያገኛቸው አሉ።

መምህሩ፦ ኩላሊት ስትይ አስታወስሽኝ። ታናሽ እኅቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ሰው የልብ ትርታዋን በጣቱ ዳስሶ «የኩላሊትሽ ውኃ ደክሟል፣ እሳቱን መቆጣጠር አቅቶታል፤ ውኃው እስኪመለስ ቅጠሉን ጠጪ፣ ኢንሱሊኑን አቁሚ» ብሏታል። እኔም ውኃ እሳትን ይገዛል ሲባል ደስ ብሎኝ ትክክል ነው አልኳት።

ሐኪሟ፦ አቁማለች?

መምህሩ፦ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መሰለኝ።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ አሁኑኑ ይደውሉላት። ያስመልሳታል? ሆዷን ያማታል? ትንፋሿ ፈጥኗል? ውኃ ይጠማታል?

መምህሩ፦ ጠዋት ስታነጋግረኝ ድካም አለኝ ብላለች። ማታ ወዳንቺ ይዣት ልምጣ?

ሐኪሟ፦ ወደ እኔ አይደለም፣ ማታም አይደለም። አሁን በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። ያንን ቅጠልም ከነማሸጊያው ይያዙላት፤ ምን እንደጠጣች ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው። ስልኩ ይኸው፤ እርስዎ ሲያነጋግሯት እኔ ታክሲ እጠራለሁ።